የጥጓ ቀዳዳ

ብርቅአየሁ ጠመንጃ ስታጸዳ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ስልክ አይነሳም፣ እንግዳ ቢመጣም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዕድሜዋን ሙሉ በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ማጽጃ ክፍል የሠራች ሴት ናት። ከዚያ ቤት ጡረታ ስትወጣ ይዛው የወጣችው አንድ እምነት ነው፤ ብረትን የሚያበላሸው ጠላት ሳይሆን «እስቲ እኔ ላጽዳው» ባይ ወዳጅ ነው። ይህንን እምነቷን አንድ አርብ ምሽት ብቻ ረሳችው፣ ዋጋዋንም አገኘች።

ጠመንጃው የአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለው፣ ቀለህ የለው። አፈሙዙን ሰበር አድርገው ሲያጥፉት በሆዱ ያለው ሞላ ይጨመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ይለቀቅና ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ደግሞ ምስር የምታህለውን የእርሳስ ጥይት። ድምፁ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ከሚሰማው አይበልጥም። ጎረቤት እንኳ ቀና ብሎ አያይም።

ባለቤቱ ባሏ ወልደማርያም ነበር። ስቶክሆልም ዳር ካሉት ከፊቲያ ፎቆች ግርጌ፣ ሐይቁ ዳር ኮሎኒሎት አላቸው፤ ከአንድ ማኅበር የተከራዩዋት፣ ጥግ ላይ የእንጨት ጎጆ ያላት የአትክልት ቦታ። ጎመን፣ ቃሪያና ድንች ይተክላሉ። ድንቹን ግን ከነሱ ቀድሞ አይጥ ያጣጥመዋል። ማኅበሩ መርዝ አይወድም፤ የተመረዘች አይጥ የበላች ጉጉት አብራ ትሞታለችና። ስለዚህ ከአባላቱ አንድ ሰው ይመረጣል፣ ፖሊስም በዚያ ሰው ስም ቲልስቶንድ የሚባለውን የመተኮስ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሰውየው የማኅበሩ ተኳሽ ይባላል። ወልደማርያም ለዓመታት ተኳሽ ነበር። የአይጧን መንገድ አጥንቶ ጡብ ላይ የለውዝ ቅቤ ይቀባል፣ ጎጆው ውስጥ በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ቆማ ስትልስ አንዴ ይተኩሳል፣ አለቀ። ከዒላማው ኋላ አፈር ወይም ጣውላ ከሌለ ቃታ አይነካም። እሑድና በሚካኤል ቀን ደግሞ ጨርሶ አይተኩስም። አይጦቹ በወር በወሩ ሚካኤልን ለይተው ያውቁታል እያለ ይስቅ ነበር፤ በዚያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ድንቹ መሐል ሲንጎማለሉ ስላየ።

ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። ሰው የማያውቀው ነገር፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት በጋዎች አንዲት አይጥ እንኳ በወልደማርያም እጅ አለመሞቷን ነው። የዓይኑ መሐል ደብዝዞበት ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፤ አተኩሮ ሊያየው የፈለገው ነገር ግን ይጠፋበታል። ይህንን ለሚስቱ ሲነግራት እንባው መጣ፤ ያለቀሰውም ለዓይኑ ሳይሆን ለተኳሽነቱ ነው።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው አጠገብህ የተቀመጥኩት?» አለችው ብርቅአየሁ፣ ጠመንጃውንም ከእጁ ተቀበለች። እሱ ራሱ ነበር ያስተማራት። ከዚያ ወዲህ ተኳሿ እሷ ሆነች፤ ተኩሱ ከጎጆው መስኮት ስለሆነ ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። ሲጨርሱ ጠመንጃውን ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነው፣ ጎረቤትም «ጎበዝ» የሚለው እሱን። እሷ ከኋላው ቅርጫት ይዛ ትወጣለች፤ ሥራዋን ታውቃለችና ምስጋናው ቢቀርባት ቅር አይላትም።

አንድ ቀን ጠመንጃውን አጽድታ ማነጣጠሪያውን በወረቀት ዒላማ ላይ ስታስተካክል፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ቸሩ ሳይታሰብ ከሚኖርበት ሰፈር ከሁስቢ መጣ። ወልደማርያም ጠመንጃውንና ዒላማዋን ይዞ ከጎጆው ብቅ አለ። አምስት ጥይት መሐል ላይ በአንዲት ቀዳዳ ተዛዝለው ገብተዋል፤ አንዲት ደግሞ ብቻዋን የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ አለች። ያቺ የብርቅአየሁ ማሟሻ ናት። አፈሙዙ ከተጸዳ በኋላ የመጀመሪያዋ ጥይት እንደ ልቧ ስለምትሄድ፣ ብርቅአየሁ መሐሉን እንዳታበላሽባት ጥጉ ላይ ታሳርፋታለች፤ ዓይኗንም እጇንም የምትገራው በሷ ነው። ወልደማርያም ማሟሻውን አፈር ላይ ነበር የሚጥለው። ቸሩ ግን ይህንን ከየት ይወቀው? የቀድሞው ጦር ሃምሳ አለቃ ነው፤ ዒላማዋን ስሞ ወሰዳት፣ መስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ሰቀላት። እንግዳ ሲመጣ «ያቺን የጥጓን ቀዳዳ አያችኋት? የወንድሜ ፊርማ ናት!» ይላል።

ወልደማርያም ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሳምንት ዐረፈ። በአርባው፣ በተዝካሩ አዳራሽ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲረጋጋ፣ ቸሩ ተነሥቶ ቆመ።

«እትዬ ብርቄ፣ ነገሬን በክፉ እንዳታዪብኝ» አለ። «የሟች ጠመንጃ የወንድም ነው። አባታችን ሲሞት ምንሽሩ ወደ አጎታችን አይደል የሄደው? ጠመንጃ ወንድ በሌለበት ቤት አይቀመጥም።»

ልጇ ዲቦራ አማርኛውን ሰምታ በስዊድንኛ መለሰች፤ «ማማ፣ ስጪውና ተገላገዪ። ምን ያደርግልሻል?»

ብርቅአየሁ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አዳራሹን ጸጥ ማሰኘት ትችል ነበር። ሳሎንህ የሰቀልካት የኔ ናት ብትለው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ባሏን ገና አፈሩ ሳይደርቅ የምታዋርድ ናት፤ እሱ ሁለት በጋ የደበቀውን እሷ በአርባ ቀኑ ልትዘረግፈው? አታደርገውም። ጠመንጃውንም አትሰጥም። ብረቱ አይደለም ያጓጓት፤ ያ መስኮት ነው። አመሻሹ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ውጠው የሚጠብቁበት ቦታ ነው። ጠመንጃው ከሄደ እዚያ የምትቀመጥበት ምክንያት የላትም። ደግሞም ጥሩ ተኳሽ ናት፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

«ማኅበሩ አዲስ ተኳሽ የሚመርጠው ፈትኖ ነው» አለች። «እፈተናለሁ። ከወደቅሁ በማግሥቱ መጥተህ ጠመንጃውን ውሰድ። ካለፍኩ ይህ ወሬ ዳግም አይነሳ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቸሩ እጁን ዘረጋ፣ ተመታቱ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ቶሚ የሚባል ጡረተኛ ስዊድናዊ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከቲማቲም ጋር ማውራት የሚቀናው። ፈተናውን ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ባለው ቅዳሜ አደረገው፣ የዕለቱንም ፈቃድ አወጣ። ደንቡ አጭር ነው፦ አምስት ጥይት፣ ሁሉም በስኒ አፍ በምትሸፈነው ጥቁር ክብ ውስጥ። ከካርቶኑ ዒላማ ጨርሶ የወጣች ጥይት ካለች ደግሞ ፈተናው በዚያው ያበቃል፤ በአትክልት ቦታ መሐል የባዘነች ጥይት ቀልድ አይደለችምና።

ብርቅአየሁ ሁሉን አስባበታለች። ሐሙስ ዕለት ተኩስ ክለብ ሄዳ ማሟሻዋን እዚያ ጨረሰች፤ ከዚያ ወዲያ አፈሙዙን አልነካችውም። ቅዳሜ ያለ ማሟሻ በቀጥታ መሐል መሐሉን ትመታለች፣ ቸሩ የሚያውቃት የጥጓ ቀዳዳም አትታይም። ጠመንጃውንም ታተርፋለች፣ የባሏንም ስም።

አርብ ማታ ቸሩ መጣ። «ነገ የኔ ይሆን ይሆናል፤ እስቲ ልየው» አለ። ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ሰጠችው። ያኔ የልብስ ማጠቢያ ተራዋ ደረሰ። ስቶክሆልም የኖረ ያውቀዋል፤ በዚህ አገር ሰው ቀጠሮ ቢቀር ይቅር ይባላል፣ የጋራው ልብስ ማጠቢያ፣ የትቬትስቱጋ ተራ ግን አይቀርም። ልብሷን አንጠልጥላ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ስትመለስ ቸሩ ጠመንጃውን በጨርቅ እየወለወለ ነበር፣ ውጪው መስታወት መስሏል። አመስግናው ጠመንጃውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ቆለፈችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል። ቶሚ ዒላማውን ከብስባሹ ክምር አጠገብ፣ ከአፈሩ ቁልል ፊት ጣውላ ላይ ለጠፈ። ቡናውን በብርጭቆ ይዞ ወደ ጎጆው ዳር መጣ። ቸሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎመኑ አጠገብ ቆሟል። ብርቅአየሁ በመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር አላየችውም፤ አውቃ ነው ያላየችው። አፈሙዙን ሰበረች፣ ጥይቷን አጎረሰች፣ መለሰች። ትንፋሿን ግማሽ ለቀቀችና ቃታውን ሳበች።

ጓ!

ያ ድምፅ የአየር ጠመንጃ ድምፅ አይደለም። ከአፈሙዙ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። የሐይቁ ዳክዬዎች በሙሉ ተነሡ። ቶሚ ቡናውን ሸሚዙ ላይ ገለበጠው። ሃምሳ አለቃ ቸሩ ደግሞ ከነሙሉ ልብሱ ጎመኑ መሐል በደረቱ ተኝቷል፤ የለመደ አካል አዛዥ አይጠብቅም። ጥይቷ ከዒላማው በላይ ጣውላው አናት ላይ ተቀርቅራለች።

ብርቅአየሁ አልደነገጠችም። አፈሙዙን ሰብራ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የሸተታት የአሥራ አምስት ቀን ጾም ነው።

«ቸሩ!» ብላ ተጣራች። «ምን አጠጣኸው?»

ቸሩ ከጎመኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ተነሣ። «የኑግ ዘይት ነው፣ እትዬ። ከአገር ቤት የተላከ፣ ንጹሕ። አባታችን ምንሽሩን በሱ አይደል ሲያሻሽ የኖረው? በአፈሙዙ በኩል ጠብ ጠብ አደረግሁለት።»

«ጠብ ጠብ?»

«እ... ፈሰስም ሳላደርግ አልቀረሁ። በወንድሜ ጠመንጃ እንዳታፍሪ ብዬ ነው፤ እግዜር ያውቃል!»

ፊቱን አየችው። አልዋሸም። ተንኮል ቢሆን ኖሮ እዚያው በሰደፉ ትለው ነበር፤ ደግነት ሆነባትና ቁጣዋን የምታሳርፍበት አጣች። ቶሚ ሸሚዙን እያራገፈ ቀረበ። ጥይቷ ከዒላማው ወጥታለች፣ በደንቡ ፈተናው አብቅቷል፣ ጎረቤትም በር በር ላይ ወጥቷል።

«ጥፋቱ የጠመንጃው ነው፣ የተኳሹ አይደለም» አለችው ብርቅአየሁ በስዊድንኛ፣ ዓይኑን ሳትለቅ። «ምክንያቱን አውቄዋለሁ፣ አሁኑኑ እዚሁ አስተካክለዋለሁ። አንተ ራስህ ቁጭ ብለህ እይ።»

ቶሚ ጢሙን አሻሸ። አነጋገሯ ልመና አልነበረበትም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል እሺ ያላት። አንድ ጥይት ለመሞከሪያ ፈቀደላት፣ እሷም ከዒላማው እንዳትወጣ። ያ ጩኸት ሁለተኛ ከተሰማ ግን ጠመንጃውም እሷም ከዚህ ቦታ ይወጣሉ አለ።

ብርቅአየሁ የባሏን የመፍቻ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። «ናማ ወዲህ» አለችው ቸሩን። «ኮትህን አውልቅ።»

ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈትታ ብረቱን ከሰደፉ ለየች። የኋላው መክደኛ ላይ ሲደርሱ ቸሩን በሁለት እጁ እንዲጫነው አደረገች። «ደረትህን ጣልበት። ይህ ሞላ ካመለጠህ ዓይንህን ይዞ ነው የሚሄደው። ቀስ... ቀስ አድርገህ ልቀቀው... ተው ቀስ!» ሞላው እየተንሰፈሰፈ ወጣ። በፊት ይህንን የሚጫንላት ወልደማርያም ነበር፤ የወንድሙ ትከሻ ጠረጴዛው ላይ ሲጎብጥ እሱን ቁርጥ መሰላት። ሥራ ነውና ፒስተኑን መዝዛ አወጣች።

ፒስተኑ በኑግ ዘይት ተጠምቋል። «ክላሽ ውስጥ ድሮም እሳት አለ፤ ዘይት ብትቀባው አይከፋም» አለችው እየጠረገች። «ይሄ ግን ትንፋሽ ነው ያለው። አየሩ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፣ ዘይት ካገኘ ይቀጣጠላል፣ ልክ እንደ ናፍጣ ሞተር። ተደጋግሞ ቢሆን የፒስተኑን ጎሚኒ ያቃጥለዋል፣ ሞላውን ይሰብረዋል።»

«ጦር ሠራዊት ሙሉ ይህንን የነገረኝ የለም» አለ ቸሩ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

«ጦር ሠራዊት አይጥ አላደነም።»

ቸሩ ሳይወድ ሳቀ። ብርቅአየሁ ቱቦውን እስኪያፏጭ ድረስ አደረቀችው፣ ሞላውን ስስ ግራሶ አስነካችው፣ በአፈሙዙ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አመላለሰች። እንደገና ቸሩ ተጫነ፣ እሷ መክደኛውን መለሰች፣ ብሎኑን አጠበቀች። ቶሚ ሌላ ቡና ቀድቶ ያያል። አዲስ ዒላማ ለጠፈላት።

መስኮቱ ሥር ስትቀመጥ ነበር ነገሩ የገባት። አፈሙዙ አሁን ንጹሕ ነው። ማሟሻ ግድ ሆነ። አፈር ላይ እንዳትጥላት ቶሚ ከዒላማው መውጣትን ከልክሏል። ሌላ ጥግ ላይ ልታሳርፋት ትችላለች፤ ግን ዓይኗም እጇም መንገድ የሚጀምሩት ከዚያች ከቀኟ ጥግ ነው፣ እጅን ደግሞ በፈተና ቀን አዲስ ነገር አያስተምሩትም። በቀኟ ጥግ ብታሳርፋት ደግሞ ቸሩ አለ፣ ለስንት እንግዳ ሳሎኑ ውስጥ ያቺን ቀዳዳ ሲያሳይ የኖረው ቸሩ። የባሏን ምሥጢር ልትጠብቅ ያሰናዳችው ሁሉ በአንድ ጭልፋ ኑግ ተበላሸ። ታዲያ ምሥጢሩን ብላ መስኮቱን ትጣ? ወልደማርያም ቢኖር ምን ይላት እንደነበር ታውቃለች። እያነጣጠረች ስትዘገይ ሁልጊዜ የሚላትን ነው፤ «በይ ብርቄ፣ አይጧ አረጀች።»

ቃታውን ሳበች። ጠፍ! መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ያህል። የላይኛው ቀኝ ጥግ ተበሳ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሰበረች፣ አጎረሰች፣ ተነፈሰች፣ ሳበች። አምስቱንም እንዲሁ። ከመጀመሪያዋ በኋላ ሌሎቹ የት እንደገቡ ከሩቅ አይታይም ነበር፤ የገቡት በአንድ በር ነውና።

ቶሚ ዒላማዋን ነቅሎ መጣ። ስኒ አምጥቶ መሐሉ ላይ ደፋ፣ አነሣ፣ ስኒው ለምን እንዳስፈለገው ለራሱም አልገባው። «በቲልስቶንዱ ላይ ያንቺን ስም አስገባለሁ» አላት፣ እጇን ጨበጣት፣ ወደ ቲማቲሞቹም ሄደ።

ዒላማዋ ቸሩ እጅ ላይ ቀረች። ረጅም ጊዜ አያት። መሐሉን አይደለም የሚያየው።

«ያቺ የጥጓ...» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ይቺ የወንድሜ ፊርማ ናት።»

«እሱ አይደል ያስተማረኝ።»

ቸሩ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደ ሁለቱ ወንበሮች። «ያን ዕለት እኔ ስመጣ አንቺም እዚህ ውስጥ ነበርሽ፣ እትዬ።»

«ነበርኩ።»

«ኋላ ኋላ ሲያናግረኝ ፊቴን ትቶ ወደ ጎን ነበር የሚያየው። ዓይኑን...»

«ዓይኑ ደኅና ነበር፣ ቸሩ።»

ቸሩ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያም አቀረቀረ። ኮቱን ለበሰ፣ ከጉልበቱ ላይ የጎመን ቅጠል አራገፈ። ጠመንጃውን ማኅደሩ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈውና ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ በትከሻው አነገተው።

«ተይው፣ ጋሻ ጃግሬሽ ልሁን» አለ።

ወደ ምድር ባቡሩ፣ ወደ ቱነልባናው በሚወስደው መንገድ እሱ ከፊት ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ እሷ ከኋላ ጎመን የሞላ ቅርጫቷን ይዛ ሄዱ። ከኋላ ሲታይ አረማመዱ የወልደማርያም ነው። ብርቅአየሁ በቀብሩም በአርባውም ያላፈሰሰችው እንባ አሁን በጉንጯ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ደስ ብሏትም ነበር።

ቸሩ ወደ ኋላ ሳይዞር ተናገረ። «ዒላማዋን ልውሰዳት? ከዚያችኛዋ ጎን እሰቅላታለሁ።»

«ውሰዳት።»

ጥቂት ሄደና ቆመ። «እንግዳ ሲመጣ ይጠይቀኛል፣ እትዬ። የማን ናቸው ሲለኝ ምን ልበለው?»

ብርቅአየሁ ቅርጫቷን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች።

«ባልና ሚስት ናቸው በለው።»